ስማችን መዝገብ ላይ ሲሰፍር

በደባርቅም ሆነ በዳባት ገበያ ውሎ ለሚሰማ ሰው አንድ ነገር ግልጽ ነው፡፡ ስለ እህል ዋጋ ጮክ ብሎ የሚከራከር ነጋዴ፣ ወሬው ወደ መታወቂያና ወደ ስልክ ቁጥር ምዝገባ ሲዞር ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፡፡ «ለምን ይሆን የሚመዘግቡን?» ይላል፡፡ የተማሩ ልጆቻችን ይህን የአላዋቂ ፍርሃት አድርገው ይወስዱታል፡፡ አሻራ መስጠት ምን ያስፈራል፣ ዓለም ሁሉ የሚያደርገው አይደለምን? ይላሉ፡፡ ልጆቹ ስለ መሣሪያው ያውቁ ይሆናል፤ ስለ መዝገቡ ታሪክ ግን አባቶቻቸው ይበልጥ ያውቃሉ፡፡ ይህ ጽሑፍ ያንን ታሪክ ለቤተሰብ ንባብ ለማቅረብ ያህል የተዘጋጀ ነው፡፡

ውድ አንባብያን! ነገሩ የሚገርመው ሕዝበ ሙስሊሙ መዝገብን መጀመሪያ የተቀበለው በደስታ መሆኑ ነው፡፡ እንደሚታወቀው በጎንደር በ1660 ዓ.ም. ገደማ፣ በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ ሙስሊሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ተወስኖ ነበር፡፡ ከዚያ በኋላ በነበሩት ዘመናትም በበጌምድርና በሰሜን አብዛኛው ሙስሊም ርስት የሌለው፣ በሽመናና በንግድ የሚተዳደር ሕዝብ ሆኖ ኖረ፡፡ «ሰማይ ዓምድ የለውም፣ እስላም አገር የለውም» የሚባለው ተረት ከዚህ የመጣ ነው፡፡ በቤተ መንግሥቱ ቋንቋም ቢሆን «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» እንባል ነበር እንጂ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» አንባልም ነበር፡፡ ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባን ያጥለቀለቀው ታላቅ ሰልፍ ይህን ስያሜ ጭምር ለማስለወጥ የተደረገ ነበር፡፡

ደርግ ሥልጣን እንደያዘ ዒዶቻችንና መውሊድ ሕዝባዊ በዓላት ሆኑ፡፡ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት፣ ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ተወረሱ፡፡ ርስት ያልነበረው ሸማኔ በገበሬ ማኅበር ተመዝግቦ መሬት አገኘ፡፡ በከተማ የሰው ቤት ተከራይቶ የኖረውም በቀበሌ ተመዘገበ፡፡ በሩ ላይ የቤት ቁጥር ተጻፈ፣ ስሙና የቤተሰቡ ብዛት ከጎረቤቱ ከክርስቲያኑ ስም ቀጥሎ ሰፈረ፡፡ ለአንዳንድ ሽማግሌ ስማቸው በመንግሥት ወረቀት ላይ በክብር ሲጻፍ ያዩት ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር፡፡ ይህን ውለታ ዛሬ መካድ ተገቢ አይመስለኝም፡፡

ያው መዝገብ ግን ሁለት ዓመት ሳይሞላው ሌላ ሥራ ተሰጠው፡፡ ቀበሌው በካርድ ስኳር፣ ጨውና ሳሙና ያድላል፤ ለማደል ደግሞ በየቤቱ ስንት ሰው እንዳለ ማወቅ አለበት፡፡ ስንት ሰው እንዳለ ካወቀ ማን እንደጎደለ ያውቃል፣ ማን በእንግድነት እንደመጣም ይጠይቃል፡፡ ወደ ሌላ ከተማ የሚሄድ ሰው የይለፍ ወረቀት ያስፈልገዋል፤ ወረቀቱን የሚሰጠው ያው ቀበሌ ነው፡፡ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ቀይ ሽብር ሲታወጅና የቤት ለቤት አሰሳ ሲጀመር፣ የአብዮት ጥበቃ ጓዶች የሚፈልጉትን ሰው ቤት ለማግኘት ብዙ አልደከሙም፡፡ የቤቱ ቁጥር በሩ ላይ ነበር፡፡ የልጆቹ ስምና ዕድሜ በስኳሩ ካርድ ላይ ነበር፡፡

ሰሜንና ወገራ ደግሞ ከሌላው አገር ይበልጥ በጥርጣሬ ዓይን የሚታይ ቦታ ነበር፡፡ በስተምዕራብ በሁመራና በመተማ በኩል ኢዲዩ ይዋጋል፣ ኢሕአፓም በገጠሩ ይንቀሳቀሳል፣ በስተሰሜን ከሊማሊሞ ወዲያ ወያኔ አለ፡፡ በጎንደር ክፍለ ሀገር የሻለቃ መላኩ ተፈራ ዘመን ዛሬም ድረስ በስማቸው ይጠራል፤ የልጆቻቸውን አስከሬን ማንሳት የተከለከሉ እናቶች ታሪክ በጎንደር ያልሰማ የለም፡፡ ከዚያ በኋላ ነው በየቤቱ ቡና ሲፈላ «ግድግዳም ጆሮ አለው» የሚለው አነጋገር ማስጠንቀቂያ የሆነው፡፡ ሰው ጎረቤቱን ፈራ፡፡ ጎረቤትን መፍራት ደግሞ በእኛ ሃይማኖት ቀላል ጉዳት አይደለም፤ የጎረቤት ሐቅ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አንባቢ ያውቃል፡፡

እዚህ ላይ ከመስመር ትንሽ ልውጣ፡፡ አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ሑጁራት መጥፎ ጥርጣሬን፣ ሐሜትንና የሰው ነውር መሰለልን በአንድ አንቀጽ አያይዞ ከልክሏል፡፡ ስለ ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ.) ደግሞ ኡለማዎች የሚተርኩት ታሪክ አለ፡፡ ዑመር አንድ ሌሊት በመዲና ሲዘዋወሩ ከአንድ ቤት ድምፅ ሰምተው በግንብ ዘለው ገቡ፤ ሰውየውን ከመጠጥ ጋር አገኙት፡፡ ሰውየው ግን እኔ በአንድ ነገር ባጠፋ አንተ በሦስት አጥፍተሃል፣ ሰለልክ፣ በበር አልገባህም፣ ሳታስፈቅድና ሰላምታ ሳታቀርብ ገባህ አላቸው፡፡ ዑመርም ትተውት ወጡ፡፡ እኔን ከዚህ ታሪክ ይበልጥ የሚያስደንቀኝ የዑመር መመለስ አይደለም፡፡ አንድ ተራ ሰው በሌሊት በገዛ ቤቱ የአገሩን መሪ ጥፋት በጣቱ ቆጥሮ መንገሩና ጠዋት ደኅና ሆኖ መነሳቱ ነው፡፡

ወደ ስልኩ እንምጣ፡፡ ስልክ ወደ አገራችን የመጣው በዳግማዊ ምኒልክ ጊዜ ነው፤ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ የሚደርሰው መስመር ሥራ የተጀመረው በ1886 ዓ.ም. ገደማ ነበር፡፡ ያኔ ስልክ ለነጋዴና ለዘመድ መጠያየቂያ አልነበረም፡፡ ንጉሠ ነገሥቱ የየክፍለ ሀገሩን ገዢ ለማዘዝና ወሬ ለመስማት ተጠቀሙበት፡፡ ስለዚህ በኢትዮጵያ ስልክ የሕዝብ አፍ ከመሆኑ በፊት የቤተ መንግሥት ጆሮ ነበር ማለት ይቻላል፡፡ በ1945 ዓ.ም. የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቋመ፣ በ1991 ዓ.ም. ሞባይል በአዲስ አበባ ተጀመረ፣ ቀስ በቀስም ወደ እኛ ደጋ ወጣ፡፡ በአገሩ ያለው ኩባንያ አንድ ብቻ፣ እሱም የመንግሥት ነበር፡፡ ሳፋሪኮም ሁለተኛ ሆኖ አገልግሎት የጀመረው በ2015 ዓ.ም. ነው፡፡

ሕዝቡ ስልኩን በፍቅር ተቀበለው፤ የዓረብ አገር ልጅ ድምፅ የሚሰማበት ነውና፡፡ ሆኖም ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ በስልክ የሚላክ የጽሑፍ መልእክት ለሁለት ዓመት ያህል ተዘግቶ እስከ 2000 ዓ.ም. መባቻ ቆየ፡፡ በ1999 ዓ.ም. ዜድ ቲ ኢ ከተባለው የቻይና ኩባንያ ጋር የ1.5 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ተደረገ፡፡ በዚህ ገንዘብ ኔትወርኩ ተስፋፋ፣ ወደ ገጠርም ገባ፡፡ ከዚሁ ጋር ግን የደንበኛ መዝገብ አብሮ መጣ፡፡ ማን ለማን ደወለ፣ በስንት ሰዓት፣ ለስንት ደቂቃ፣ በየትኛው ምሰሶ አጠገብ ሆኖ የሚለው ሁሉ በኮምፒውተር ይቀመጣል፡፡ ይህ ለሒሳብ ማስከፈያ የግድ ነው፤ የትም አገር ያለ ነው፡፡ ጥያቄው ሌላ ነው፤ መዝገቡን ሌላ ማን ይከፍተዋል?

ለዚህ መልስ የሚሆን ማስረጃ በመጋቢት 2006 ዓ.ም. ወጣ፡፡ ሂውማን ራይትስ ዎች የተባለው የመብት ተሟጋች ድርጅት ባወጣው ዘገባ የደኅንነት ሰዎች የደንበኞችን የጥሪ ዝርዝር፣ አልፎም የተቀዳ ንግግር፣ ያለ ብዙ ችግር ያገኙ እንደነበረ፣ በምርመራም ጊዜ የታሰሩ ሰዎች የገዛ ድምፃቸው ይሰማላቸው እንደነበረ ዘረዘረ፡፡ በወረቀት ላይ ሕግ ነበረ፡፡ የ2001 ዓ.ም. የፀረ ሽብር አዋጅ ቁጥር 652 ስልክ ለመጥለፍ የፍርድ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል ይል ነበር፡፡ ሆኖም ያው አዋጅ ምንጩ ያልተገለጸ የስለላ ዘገባ በፍርድ ቤት ማስረጃ እንዲሆን ይፈቅድ ነበር፡፡ የፊቱን በር ቆልፎ የጓሮውን ከመክፈት በምን ይለያል?

ለእኛ ለሙስሊሞች ይህ የሩቅ ወሬ አልነበረም፡፡ በ2004 ዓ.ም. ከአወሊያ ትምህርት ቤት የተነሳው «ድምፃችን ይሰማ» እንቅስቃሴ ጥያቄው መጅሊሱ በነጻ ይመረጥ፣ የአህባሽ ትምህርት በግድ አይጫን፣ አወሊያ ይመለስ የሚል ነበር፡፡ የተመረጠው ኮሚቴ 17 አባላት ነበሩት፡፡ በሐምሌ 2004 ዓ.ም. መሪዎቹ ታሰሩ፤ ፍርድ ሳይሰጥ በጥር 2005 ዓ.ም. «ጂሃዳዊ ሐረካት» የተባለ ፊልም በመንግሥት ቴሌቪዥን ተላለፈ፤ በሐምሌ 2007 ዓ.ም. 18 ሰዎች ከ7 እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው፡፡ ኋላ በተለያየ ጊዜ ተፈቱ፡፡ የእንቅስቃሴው ስም «ድምፃችን ይሰማ» መሆኑን ልብ ይሏል፡፡ ድምፁስ ተሰምቶ ነበር፤ የሰማው ግን ጥያቄውን ለመመለስ አልነበረም፡፡

የውጭ ኩባንያዎችንም ሳናነሳ ማለፍ አይገባም፡፡ በካናዳ የሚገኙት የሲቲዝን ላብ ተመራማሪዎች በ2005 ዓ.ም. ፊንፊሸር የተባለ የስለላ ፕሮግራም በኢትዮጵያ ኔትወርክ ላይ አገኙ፡፡ በ2007 ዓ.ም. ማለቂያ ደግሞ የሚላኖው ሃኪንግ ቲም የገዛ ራሱ ደብዳቤዎች በሌቦች ተዘርፈው ሲበተኑ፣ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ ደንበኛው እንደነበረ ታወቀ፡፡ ሰላዩ ራሱ ተሰለለ! የእነዚህ ኩባንያዎች ባለቤቶች ዳባትን በካርታ ላይ አያውቋትም፡፡ ዕቃ ሸጡ፣ ዋጋ ተቀበሉ፣ በዚያው አለቀ፡፡

ሌላው የሕዝቡን ልብ የሰበረው ነገር ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው፡፡ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ከሊማሊሞ በታች ካሉት ቆላዎች አልፎ ወደ ደባርቅና ዳባት ተጠጋ፡፡ በዳባት ወረዳ ጭና ተክለ ሃይማኖት በነሐሴ መጨረሻ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን፤ የአካባቢው ባለሥልጣናት ያኔ ከመቶ በላይ ሰላማዊ ሰው በትግራይ ኃይሎች መገደሉን ተናግረዋል፡፡ ያን ሁሉ ዓመት ሰውን ሲያዳምጥ የኖረው መስመር ጭንቀት ላይ ላለ ገበሬ ምን አደረገለት? እንደገና በሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ፤ በብዙ ቦታ አንድ ዓመት ያህል ሳይከፈት ቆየ፡፡ ነጋዴ ገንዘብ ማስተላለፍ፣ ስደተኛ የእናቱን ፊት ማየት አልቻለም፡፡ መስመሩ ለሰሚው ክፍት፣ ለተናጋሪው ዝግ ሆነ፡፡

የግጭን ሙስሊሞችም ላንሳ፡፡ በሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ ይኖሩ የነበሩት እነዚህ ወገኖቻችን ለአሥርት ዓመታት ተጠንተዋል፤ ከብታቸው ተቆጥሯል፣ እርሻቸው በካርታ ተነስቷል፡፡ ፓርኩ በ1989 ዓ.ም. በዩኔስኮ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ በ2008 ዓ.ም. ከ400 በላይ ቤተሰብ ተነስቶ ወደ ደባርቅ ወረደ፤ በ2009 ዓ.ም. ፓርኩ ከመዝገቡ ወጣ፡፡ ዋልያን መጠበቅ መልካም ነው፡፡ ነገር ግን ስለ ግጭ ሰው በየቋንቋው የተጻፈውን ጥናት የግጭ ሰው ራሱ አላነበበውም፡፡

አሁን ያለው ፋይዳ የተባለው መታወቂያ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የጸና ነው፡፡ የጣት አሻራ፣ የዓይን ምስልና ፎቶ ይወስዳል፣ 12 አኃዝ ይሰጣል፡፡ ወረቀት ያልነበራት መበለት በዚህ የባንክ ደብተር ልታወጣ ትችላለች፤ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፡፡ ኢትዮ ቴሌኮምም በማዕከሎቹ ይመዘግባል፤ የጥሪውን ዝርዝር የያዘው ድርጅት አሻራውንም ይቀበላል ማለት ነው፡፡ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል፡፡ በዚህ አዋጅ ማንም ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ የማየትና ስሕተት ካለ የማስታረም መብት አለው፡፡ ቁጥጥሩ የተሰጠው ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ እሱም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው፡፡

ይህን መብት ይዞ «ስለ እኔ የጻፋችሁትን አሳዩኝ» ብሎ ጽሕፈት ቤት የገባ ሽማግሌ በአካባቢያችን እስካሁን አላየሁም፡፡ ለጥቂቶቹ እንዲህ ያለ ሕግ መኖሩን ስነግራቸው ሳቁብኝ፡፡