የኩላሊት እጥበት ፈሳሽ ይዘትና የደም ቅዳዎች በካልሲየም መጠጠር

የእጥበት ፈሳሽ (ዲያላይሴት) በሄሞዲያሊሲስ ጊዜ ከታማሚው ደም በስስ ሽፋን ተለይቶ የሚፈስ፣ የተጣራ ውሃና የተመጠኑ ጨዎች ውህድ ነው። በሽፋኑ በኩል ቆሻሻ ከደም ይወጣል፤ ካልሲየም፣ ማግኒዥየምና ባይካርቦኔት ደግሞ እንደ ፈሳሹ ይዘት ወደ ደም ይገባሉ ወይም ከደም ይወጣሉ። በአራት ሰዓት እጥበት በደቂቃ 500 ሚሊ ሊትር ቢፈስ ድምሩ 120 ሊትር ይሆናል። በሳምንት ሦስት ጊዜ ለዓመታት ሲደጋገም ትንሽ የሚመስል የመጠን ልዩነት በደም ቅዳዎች ላይ ጉልህ አሻራ ይተዋል።

የመጠጠር ሂደት

ኩላሊት ሥራውን ሲያቆም ፎስፌት በደም ውስጥ ይጠራቀማል። ይህ የበዛ ፎስፌት በደም ቅዳ ግድግዳ ያሉትን የጡንቻ ሴሎች ወደ አጥንት ሠሪ ሴሎች የተጠጋ ባሕርይ እንዲይዙ ያደርጋል፤ በዚያም የካልሲየምና የፎስፌት ውህድ ይከማቻል። የጠጠረ ደም ቅዳ አይለጠጥም፤ የልብንም ሸክም ያከብዳል። ደም ግን የራሱ መከላከያ አለው። ፌቱይን-ኤ የተባለው ፕሮቲን ካልሲየምንና ፎስፌትን ይዞ በጥቃቅን ቅንጣቶች ያቆያል፤ እነዚህ ቅንጣቶች ወደ ጎጂ ክሪስታል የሚለወጡበትን ጊዜ ማግኒዥየም ያዘገያል።

ካልሲየም

በፈሳሹ ውስጥ የተለመዱት መጠኖች በሊትር 1.25፣ 1.5 እና 1.75 ሚሊሞል ናቸው። ኬዲጎ የተሰኘው ዓለም አቀፍ የኩላሊት ሕክምና መመሪያ አውጪ በ2017 ያወጣው ማሻሻያ ከ1.25 እስከ 1.50 ያለውን ይመክራል። በቱርክ 425 ታማሚዎች የተሳተፉበትና በ2016 የታተመ ጥናት 1.25ን ከ1.75 ጋር ለሁለት ዓመት አነጻጽሯል። የልብ ደም ቅዳዎች የካልሲየም ነጥብ አማካይ በመጀመሪያው ቡድን ከ452 ወደ 616፣ በሁለተኛው ከ500 ወደ 803 አድጓል። ዝቅተኛው መጠን መጠጠሩን ባያስቆመውም አዘግይቶታል።

መጠኑን ያለ ልክ መቀነስም አደጋ አለው። ደም ካልሲየም ሲያጣ በእጥበት ላይ የደም ግፊት ይወርዳል፣ የልብ ምት ሥርዓት ሊዛባ ይችላል፣ የፓራታይሮይድ ሆርሞንም ይጨምርና አጥንትን ይጎዳል።

ማግኒዥየምና ባይካርቦኔት

የማግኒዥየም የተለመደ መጠን በሊትር 0.5 ሚሊሞል አካባቢ ነው። በ2018 የታተመ የዴንማርክ ጥናት መጠኑን ለ28 ቀናት ወደ 1.0 ሲያሳድግ የደም የመጠጠር ዝንባሌ ቀንሷል። ይህ ግን የላቦራቶሪ መለኪያ እንጂ ታማሚው ረጅም ዕድሜ ለመኖሩ ማረጋገጫ አይደለም።

ባይካርቦኔት የደምን አሲድ ያስተካክላል፤ ለአጥንት ጤናም አስፈላጊ ነው። ሲበዛ ግን ደም ወደ አልካሊነት ያደላል፣ ካልሲየምና ፎስፌትም ተዋህደው መዝቀጥ ይቀላቸዋል።

ፎስፌትና ውሃ

መደበኛው ፈሳሽ ፎስፌት የለውም፤ ስለዚህ እጥበቱ ፎስፌትን ያስወጣል። ሆኖም አብዛኛው ፎስፌት በሴሎችና በአጥንት ውስጥ ስላለ ወደ ደም የሚመለሰው በዝግታ ነው፤ የአራት ሰዓት እጥበት ብቻውን አይበቃውም። አመጋገብን መጠንቀቅና ፎስፌትን በአንጀት የሚይዙ መድኃኒቶችን መውሰድ ያስፈልጋል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ራሳቸው ካልሲየም ስለያዙ በፈሳሹ ካልሲየም ላይ ተደምረው መታየት አለባቸው።

ውሃው በደንብ ካልተጣራም በወረቀት የታዘዘው መጠን ከንቱ ይሆናል። በ1960ዎቹ ካልሲየምና ማግኒዥየም የበዛበት ውሃ ለእጥበት ሲውል በታማሚዎች ላይ ማቅለሽለሽ፣ ማስታወክና የደም ግፊት መጨመር አስከትሏል።

የመጠን ምርጫ

ለሁሉም የሚስማማ አንድ ፈሳሽ የለም። ምርጫው በደም ካልሲየም፣ በፎስፌት፣ በፓራታይሮይድ ሆርሞንና በሚወሰዱት መድኃኒቶች ላይ ይመሠረታል። የኬዲጎ መመሪያ ለእጥበት ታማሚዎች ካልሲየምና ፎስፌት በየ1 እስከ 3 ወር፣ ሆርሞኑ በየ3 እስከ 6 ወር እንዲለካ ይመክራል። ፈሳሹ መድኃኒት ነው፤ መጠኑም ለእያንዳንዱ ታማሚ ሊታዘዝና በየምርመራው ውጤት ሊስተካከል ይገባዋል።