ንስሐና ፍርድ፤ ሁለት ታሪኮች ከአትላንታ

ንስሐ የሚለው ቃል የወጣው «ነስሐ» ከሚለው የግእዝ ግስ ሲሆን፣ ትርጉሙም ተጸጸተ ማለት ነው። አባቶቻችን ግን በጸጸት ብቻ አላቆሙትም። ኃጢአተኛው ያዝናል፣ ለንስሐ አባቱ ይናዘዛል፣ የተሰጠውን ቀኖናም ይፈጽማል። በየዓመቱ ሦስት ቀን ጾመን የምናስባቸው የነነዌ ሰዎች ማቅ ለብሰው ብቻ አልቀሩም፤ ከክፉ መንገዳቸውም ተመለሱ። ዘኬዎስም ያለአግባብ የወሰደውን አራት እጥፍ ሊመልስ ቃል ገባ። ጥሪው የእግዚአብሔር ነው፤ የሰው መልስ ግን መታዘዝ ነው።

ይህን የማነሣው ለመስበክ አይደለም። እኛ በስደት የምንኖርባት አትላንታ በዚህ ጉዳይ ላይ የምታስተምረን ሁለት ታሪኮች ስላሏት ነው።

የመጀመሪያው የአሜሪካኖቹ ነው። የደቡብ ባፕቲስቶች ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1845 በዚሁ በጆርጅያ፣ በኦጋስታ ከተማ ሲመሠረት አንዱ ዋና ምክንያት ባሪያ አሳዳሪ ሚስዮናዊ ሆኖ ይላክ ወይስ አይላክ የሚለው ጠብ ነበር። ከ150 ዓመት በኋላ፣ በሰኔ 1995፣ ጉባኤው አትላንታ ላይ ተሰብስቦ ስለ ባርነትና ስለ ዘረኝነት ንስሐ እንደሚገባ በውሳኔ አወጀ፤ ጥቁሮችንም ይቅርታ ጠየቀ። የመጀመሪያውን ጥቁር ፕሬዚዳንቱን የመረጠው ግን በ2012 ነው። ከቃል እስከ ተግባር 17 ዓመት ፈጀ ማለት ነው። ያም ሆኖ የተባለው ተባለ። ሆኖም ባሪያ የነበሩት ሁሉ ቃሉን ሳይሰሙ አልፈዋል።

ሁለተኛው ታሪክ የእኛው ነው። በቀይ ሽብር ዘመን አቶ ቀልቤሳ ነገዎ በአዲስ አበባ የከፍተኛ 9 ሊቀ መንበር ነበሩ። በ1987 አሜሪካ ገብተው በአትላንታ በአንድ ሆቴል ሥራ ያዙ። በዚያው ሆቴል የምትሠራው እድግአየሁ ታዬ አየቻቸው፤ አወቀቻቸውም። እጅና እግሯን ታስራ፣ ተሰቅላ ተገርፋ ነበርና እንዴት ትርሳው? ከሂሩት አበበና ከኤልሳቤጥ ደምሴ ጋር ሆና በ1990 ከሰሰቻቸው። ተከሳሹ ካዱ። የአትላንታው ፍርድ ቤት በ1993 ለእያንዳንዳቸው 500 ሺህ ዶላር ፈረደላቸው፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በ1996 አጸናው። ሰውየው በኋላ ዜግነታቸውን ተገፈው በ2006 ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ፤ እዚያም በሌሉበት የእድሜ ልክ እስራት ተፈርዶባቸው ነበር።

ወገኖቼ፣ ልዩነቱን ልብ እንበል። ባፕቲስቶቹ ማንም ሳይከሳቸው ተናዘዙ፤ ይቅርታ የሚጠየቁት ግን በመቃብር ነበሩ። የእኛው ሰው ይቅርታ የሚጠይቋት ሴት በአንድ ጣሪያ ሥር አብራቸው ትሠራ ነበር። ፍርድ ቤት ካሳ ሊቆርጥ ይችላል፤ «በድያለሁ» የሚለውን ቃል ግን ከማንም አፍ ሊያወጣ አይችልም። ንስሐም ፍርድን አያስቀርም። እውነተኛ ተነሳሒ ቀኖናውን እንደሚቀበል ሁሉ ፍርዱንም ይቀበላል።

ጣታችንን በአንድ ሰው ላይ ቀስረን እንዳንቀመጥ እሰጋለሁ። የዚያ ትውልድ ሰዎች፣ ደርግም ኢሕአፓም መኢሶንም፣ እያረጁና እያለፉ ናቸው። ስንቶቹ የሠሩትን በስሙ ጠርተው ተናገሩ? ስንት መጽሐፍ ተጻፈ፤ በአብዛኛው ግን ጥፋተኛው ሁልጊዜ ሌላው ነው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በትግራይ፣ በአማራና በኦሮሚያ ደም ሲፈስስ ከዚህ ሆነን በቃላችን እሳቱን ያራገብን ሰዎችስ? እሑድ ጠዋት አስቀድሰን ማታ ስለ ወንድማችን ሞት ያጨበጨብን የለንም? እኔም ብሆን ከዚህ ነጻ ነኝ አልልም።

የደቡብ ባፕቲስቶች 150 ዓመት ፈጅቶባቸዋል። እኛ የበደልናቸው ግን ብዙዎቹ ዛሬም በሕይወት አሉ። አንዳንዶቹም አብረውን ይሠራሉ፣ አብረውን ያስቀድሳሉ። ሳይመሽ እንናገራቸው።

ቸር ይግጠመን።