ከአቤቱታ ወደ ጥያቄ፤ የገዳሪፍና የምሥራቅ ሱዳን ጠረፍ ምክር ቤቶች ታሪክ

በቀድሞው የኢትዮጵያ ችሎት ተሟጋቾች ቆመው ሲከራከሩ፥ አንደኛው ሌላውን «ተጠየቅ» ይለው ነበር። ይህ ቃል ከተነገረ በኋላ ተጠያቂው ዝም ብሎ ሊቀመጥ ወይም ፊቱን አዙሮ ሊሄድ አይቻለውም፤ በዳኛውና በሸንጎው ፊት መልስ መስጠት ግዴታው ነው። ከችሎት ውጭ ግን ሰው ከሹም ዘንድ ጉዳይ ሲኖረው የሚለው «ተጠየቅ» ሳይሆን «አቤት» ነበር። አቤት ባይ መልስ የሚያገኘው ሹሙ የራራለት እንደ ሆነ ነው፤ ተጠየቅ ባይ ግን መልስ የሚያገኘው በመብቱ ነው። የዘመናዊ ምክር ቤት ታሪክ በአጭር ቃል ሲነገር፥ «ተጠየቅ» የሚለው ቃል ከችሎት ወጥቶ ወደ መንግሥት አዳራሽ የተሻገረበት ታሪክ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አማርኛችንም ለጥያቄ መልስ የሚሰጠውንና ኃላፊነትን የሚሸከመውን ሰው በአንድ ቃል «ተጠያቂ» ብሎ መጥራቱ ያለ ምክንያት አይደለም።

በዚህ ረገድ የገዳሪፍና የምሥራቅ ሱዳን ጠረፍ ታሪክ ለመምህራን ሰፊ ትምህርት ይሰጣል። ገዳሪፍ ከመተማ ማዶ በተዘረጋው የጥቁር አፈር ሜዳ ላይ የተቆረቆረች የማሽላና የሰሊጥ ገበያ ናት፤ በሹክሪያ ነገድ መሪዎች በአቡ ሲን ቤተ ሰብ ስም ቀድሞ «ሱቅ አቡ ሲን» ትባል ነበር። በስተ ሰሜን ከሰላ፥ በስተ ምሥራቅ ሰቲትና ሑመራ፥ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ገላባትና መተማ ይገኛሉ። በዚህ ምድር ላይ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ምክር ቤት ብዙ ጊዜ ተቋቁሞ ብዙ ጊዜ ፈርሷል። ከዚህ በታች የተጠቀሰው ዘመን ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

በጽሑፍ የሚቀርብ ጥያቄ ከእንግሊዝ ፓርላማ የመጣ ልማድ ነው። በዚያ አገር ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበው ጥያቄ በ1713 ዓ.ም. በመሳፍንቱ ምክር ቤት ሎርድ ካውፐር ያቀረቡት ነው። የደቡብ ባሕር ኩባንያ ገንዘብ ያዥ ሮበርት ናይት የሕዝብ ገንዘብ ከጠፋ በኋላ ወደ ውጭ አገር ኮብልሎ ነበርና፥ በብራስልስ ተይዟል የተባለው እውነት እንደ ሆነ መንግሥት እንዲያስረዳ ጠየቁ። የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ጠፋ ገንዘብ መሆኑን ልብ ይሏል። እየቆየም ጥያቄው በዛና ጊዜ ስለ ጠበበ፥ በ1894 ዓ.ም. በወጣው ደንብ በቃል መልስ የሚፈለግበት ጥያቄ በኮከብ ምልክት ተለይቶ፥ የቀረው በጽሑፍ ተመልሶ እንዲታተም ተደረገ።

አሠራሩ ቀላል ነው። እንደራሴው ጥያቄውን ጽፎ ለምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት ይሰጣል፤ ጥያቄው ቁጥርና ቀን ተሰጥቶት ለሚመለከተው ሚኒስትር ይደርሳል፤ ሚኒስትሩም ጽፎ ይመልሳል፤ ጥያቄውና መልሱም ጎን ለጎን ይታተማሉ። በቃል የተጠየቀ ሹም በንግግር ችሎታው ሊያመልጥ ይችላል፤ በጽሑፍ የተጠየቀ ግን ቁጥር፥ ስምና ቀን ማስቀመጥ አለበት። መልስ ባይሰጥ እንኳ ዝምታው ተመዝግቦ ይቀራል። «በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው ተረታችን ይህን ጉዳይ አስቀድሞ ያየ ይመስላል።

ይህ ደንብ በለንደን በወጣበት በዚያው በ1894 ዓ.ም. በግንቦት ወር፥ ዳግማዊ ዓፄ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት የኢትዮጵያንና የሱዳንን ወሰን የሚለይ ውል በአዲስ አበባ ተፈራረሙ። በሚከተለው ዓመት ሻለቃ ግዊን የሚባል የእንግሊዝ መኰንን ወሰኑን በምድር ላይ ምልክት አደረገበት። በውሉ ላይ የመተማ ገበሬም ሆነ የገላባት ነጋዴ የተጠየቀው ነገር አልነበረም። የእንግሊዝ እንደራሴ ስለ ሱዳን አስተዳደር የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩን በወረቀት ሊጠይቅ ይችል ነበር፤ የገዳሪፍ ሰው ግን ስለ ገዛ መሬቱ ሊጠይቅበት የሚችል ቤት አልነበረውም። የነበረው አቤቱታ ብቻ ነበር።

የሱዳን ምሁራን ከአቤቱታ ወደ ጥያቄ ለመሻገር ያደረጉት የመጀመሪያው ታላቅ ሙከራ ከመምህራን ሥራ ጋር የተያያዘ ነው። በ1930 ዓ.ም. የተቋቋመው የምሩቃን ጉባኤ ከመምህራንና ከመንግሥት ጸሐፊዎች የተሰበሰበ ሲሆን፥ የመጀመሪያው ዋና ጸሐፊ እስማኤል አል አዝሃሪ በጎርደን ኮሌጅ የሒሳብ መምህር ነበሩ። ጉባኤው በመጋቢት ወር 1934 ዓ.ም. አሥራ ሁለት ነጥብ ያለበት ማስታወሻ ለጠቅላይ ገዥው አቀረበ። ከነጥቦቹ አንዱ ከሱዳናውያን የተውጣጣ የትምህርት ምክር ቤት እንዲቋቋምና ከአገሪቱ ባጀት ቢያንስ 12 በመቶ ለትምህርት እንዲመደብ የሚል ነበር። የመንግሥቱ ዋና ጸሐፊ ሰር ዳግላስ ኒውቦልድ በሚያዝያ ወር ሰጡት በተባለው መልስ፥ ጉባኤው ይህን በመጻፉ የመንግሥትን እምነት አጥቷል ብለው ማስታወሻውን መለሱት። ስለ አሥራ ሁለቱ ነጥቦች የተሰጠ ዝርዝር መልስ አልነበረም። ጠያቂው መብት ስላልነበረው፥ የተጠየቀው ነገር ቀርቶ የጠያቂው ድፍረት መነጋገሪያ ሆነ።

ይሁን እንጂ ወረቀቱ ቢመለስም ነገሩ አልተመለሰም። በግንቦት ወር 1936 ዓ.ም. ሃያ ስምንት አባሎች ያሉት የሰሜን ሱዳን አማካሪ ምክር ቤት ተከፈተ፤ ገዳሪፍ የምትገኝበት የከሰላ ክፍለ ሀገርም ወኪሎቹን ላከ። ይህ ቤት ምክር ከመስጠት በቀር መንግሥትን የሚያስገድድበት ሥልጣን አልነበረውም። በታኅሣሥ 1941 ዓ.ም. የሕግ አውጭው ምክር ቤት ተተካ፤ ይህም በታኅሣሥ 1943 ዓ.ም. የራስ አስተዳደር እንዲሰጥ በ39 ድምፅ በ38 ላይ ወሰነ። ከ1946 ዓ.ም. ጀምሮ አዝሃሪ በጠቅላይ ሚኒስትርነት፥ 97 እንደራሴዎች ባሉበት ቤት ፊት መልስ ሰጭ ሆኑ። በ1948 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በባጀት ጉዳይ በአራት ድምፅ ተሸንፈው ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም በሁለት ድምፅ ብልጫ ተመለሱ። በማስታወሻ መልስ ተከልክለው የነበሩት የሒሳብ መምህር፥ በተራቸው ስለ ሒሳብ ተጠያቂ መሆናቸው የዘመኑን ለውጥ በግልጥ ያሳያል። ሱዳንም ታኅሣሥ 22 ቀን 1948 ዓ.ም. ነፃነቷን አገኘች። ነገር ግን ሦስት ዓመት ሳይሞላ ኅዳር 8 ቀን 1951 ዓ.ም. ጄኔራል ኢብራሂም አቡድ መንግሥቱን ያዙ፤ ምክር ቤቱም ተዘጋ።

በዚያው ዘመን ከከሰላ ወዲህ ማዶ ሌላ ፈተና ይካሄድ ነበር። ኤርትራ በተባበሩት መንግሥታት ውሳኔ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ስትተሳሰር፥ 68 አባሎች ያሉት ምክር ቤት በሐምሌ 1944 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱን አጸደቀ። በዚህ ሕግ የምክር ቤቱ አባሎች ለአስተዳደሩ በጽሑፍ ጥያቄ የማቅረብ መብት ነበራቸው፤ አስተዳደሩም የመመለስ ግዴታ ነበረበት። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው መብት በአካባቢው አቻ አልነበረውም ማለት ይቻላል። ሆኖም ጥያቄው የሚደርሰው የኤርትራ አስተዳደር ሥልጣን እስከሚደርስበት ድረስ ብቻ ነበር፤ መከላከያ፥ የውጭ ጉዳይ፥ ገንዘብና ወደቦች የፌዴራሉ መንግሥት ነበሩ። በመጋቢት 1947 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ቢትወደድ አንዳርጋቸው መሳይ ለምክር ቤቱ ባደረጉት ንግግር፥ በእርሳቸው ጽሕፈት ቤት ዘንድ የኤርትራ የውስጥና የውጭ ጉዳይ የሚባል ልዩነት እንደሌለ አስታወቁ። ከዚህ በኋላ የአስተዳደሩ ሹም ለምክር ቤቱ ሳይሆን ለሌላ በላይ ተጠያቂ ሆነ። በዚያው ዓመት የመጀመሪያው ዋና አስተዳዳሪ ተድላ ባይሩ ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ ኅዳር 5 ቀን 1955 ዓ.ም. ደግሞ ፌዴሬሽኑ ራሱ ፈረሰ። የምክር ቤቱ ፕሬዚዳንት የነበሩት ኢድሪስ መሐመድ አደም ቀደም ብለው ተሰደው የትጥቅ ትግል ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ ሆኑ። ከ1959 ዓ.ም. ጀምሮም ከጦርነት የሸሸው ሕዝብ ወደ ከሰላና ወደ ገዳሪፍ ጎረፈ። የጦርነቱ ምክንያት ብዙ ነው፤ ነገር ግን ሰው በወረቀት የሚጠይቅበት በር ሲዘጋ ወደ ምን ሊሄድ እንደሚችል የገዳሪፍ የስደተኞች ሰፈሮች ለብዙ ዓመታት ሲመሰክሩ ኖረዋል።

በኢትዮጵያም በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሚኒስትሮች ወደ ምክር ቤት ተጠርተው በቃል ወይም በጽሑፍ እንዲመልሱ ፈቅዶ ነበር፤ ነገር ግን ጥያቄው ሊወጣ ስለ ታሰበው ሕግ ብቻ እንዲሆን ወሰነው። ይህ ታናሽ የሚመስል ቃል ታላቅ ልዩነት አለው፤ ሊሠራ ስላለው ሕግ መጠየቅ ከተሠራው ሥራ መጠየቅ ጋር አንድ አይደለምና። በሐምሌ 1964 ዓ.ም. ሁለቱ መንግሥታት ስለ ወሰኑ ማስታወሻ ሲለዋወጡ፥ ጉዳዩ የሁለት ሚኒስትሮች ደብዳቤ ነበር። ሥራ አስፈጻሚውን ጠርቶ የመጠየቅና አሠራሩን የመመርመር ሥልጣን በግልጥ የተጻፈው በ1987 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 55 ነው።

ወደ ገዳሪፍ ስንመለስ፥ የጃፋር ኒሜሪ መንግሥት በ1973 ዓ.ም. ገደማ ሰሜን ሱዳንን በአምስት ክልል ሲከፍል፥ የምሥራቁ ክልል ከሰላን ዋና ከተማ አድርጎ የራሱን ምክር ቤት አገኘ። ይህ ታላቅ እርምጃ መስሎ ነበር፤ ሆኖም ገዥውን የሚሾመው ፕሬዚዳንቱ ነበር። ከዚህም በላይ የገዳሪፍ ሕዝብ ዋና ጉዳይ መሬት ነው። በ1937 ዓ.ም. ገደማ ለጦር ሠራዊት ቀለብ ተብሎ በገደምበሊያ የተጀመረው የትራክተር እርሻ እየሰፋ ሄዶ የከብት አርቢውን ግጦሽና የታናሹን ገበሬ ማሳ ገፋ። በ1962 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ያልተመዘገበውን መሬት ሁሉ የመንግሥት አደረገው፤ እርሻውን የሚመራው ኮርፖሬሽንም የካርቱም ተቋም ነበር። እንግዲህ የከሰላ እንደራሴ ስለ ትምህርት ቤትና ስለ ውሃ ጉድጓድ ሊጠይቅ ይችል ይሆናል፤ እርሻው ለማን እንደ ተሰጠ ግን መላሹ በሌላ ከተማ ተቀምጧል። ሥልጣን ሳይወርድ ምክር ቤት ብቻ ሲወርድ፥ ጥያቄ ያለ አድራሻ እንደ ተላከ ደብዳቤ ይሆናል።

ገዳሪፍ በ1986 ዓ.ም. ራሷን የቻለች ክፍለ ሀገር ሆነች። ጥቅምት 4 ቀን 1999 ዓ.ም. በአሥመራ የተፈረመው የምሥራቅ ሱዳን ስምምነት ለምሥራቁ ግንባር በቀይ ባሕር፥ በከሰላና በገዳሪፍ ምክር ቤቶች ዐሥር ዐሥር መቀመጫ ሰጠ፤ ለምሥራቁ ልማትም በአምስት ዓመት ውስጥ 600 ሚሊዮን ዶላር የሚከፈልበት ልዩ ገንዘብ እንዲቋቋም አደረገ። በጽሑፍ የሚቀርብ ጥያቄ የተፈጠረው ለዚህ ለመሰለው ነገር ነው፦ ስንት ተከፈለ፥ ስንት ቀረ፥ በየትኛው መንደር ምን ተሠራ? ነገር ግን በሁሉም ቤቶች ገዥው ፓርቲ የበላይ ስለ ነበረ፥ ጠያቂውና ተጠያቂው ብዙ ጊዜ የአንድ ማኅበር ሰዎች ነበሩ።

ሚያዝያ 3 ቀን 2011 ዓ.ም. የኦማር አልበሽር መንግሥት ሲወድቅ ምክር ቤቶቹ አብረው ፈረሱ። በነሐሴ ወር የተፈረመው ሰነድ የሽግግር ሕግ አውጭ ምክር ቤት በዘጠና ቀን ውስጥ እንዲቋቋም አዘዘ፤ ነገር ግን ሳይቋቋም በጥቅምት 2014 ዓ.ም. የጦሩ ግልበጣ፥ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ደረሰ። በነዚያ ዓመታት ገዳሪፍ በ2013 ዓ.ም. ከትግራይ የሸሹትን በኡም ራኩባና በቱናይድባ፥ በኋላም ከካርቱምና ከገዚራ የሸሹትን ተቀበለች፤ በአል ፋሽቃም የሁለቱ አገሮች ገበሬዎች በወሰኑ ምክንያት ብዙ መከራ አዩ። ይህ ሁሉ ሲሆን በጽሑፍ የሚጠይቅ ሸንጎ አልነበረም።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር መረዳት ይቻላል። አንደኛ፥ ጥያቄ መብት እንዲሆን ተጠያቂው የመመለስ ግዴታ ሊኖርበት ይገባል፤ ያለዚያ የ1934 ዓ.ም. ማስታወሻ ዕጣ ይደርሰዋል። ሁለተኛ፥ መላሹ የሚጠየቅበት ሥራ በእጁ ሊሆን ይገባል፤ ያለዚያ የከሰላ ምክር ቤት ዕጣ ይደርሰዋል። ሦስተኛ፥ መላሹ ለጠያቂው ቤት እንጂ ለሌላ ጌታ የሚያድር መሆን የለበትም፤ ያለዚያ የአሥመራው ምክር ቤት ዕጣ ይደርሰዋል።

የመምህራን ድርሻ በዚህ መካከል ታናሽ አይደለም። የምሩቃን ጉባኤ ሰዎች ነጥባቸውን በቁጥር ከፍለው፥ ባጀቱን በመቶኛ አስልተው መጻፍን የተማሩት በትምህርት ቤት ነው። ተማሪ አንድን ነገር ለይቶ፥ ለማን እንደሚጽፍ አውቆ፥ ቀኑን አስፍሮ፥ ያለ ስድብና ያለ ልመና አንድ ገጽ ጥያቄ መጻፍ ቢማር፥ የምክር ቤትን ሥራ ግማሽ ተማረ ማለት ነው። ሌላውን ግማሽ የሚማረው መምህሩ ለተማሪው ጥያቄ በሚሰጠው መልስ ነው፤ በክፍሉ ውስጥ መልስ ያገኘ ልጅ አድጎ ሹም ሲሆን «ተጠየቅ» ሲሉት አይቆጣምና።