የድንጋይ ሽበት

በአለት ላይ ተለጥፎ የሚያድገውን ግራጫና ብጫ ልባስ አማርኛ «የድንጋይ ሽበት» ይለዋል። ላሊበላ ላይ የአብያተ ክርስቲያናቱ ግድግዳና ጣሪያ ሸብቷል። ለተሳላሚው ይህ የዕድሜ ማዕረግ ነው። ለጠጋኙ ደግሞ ሕመም ነው፤ ሽበቱ በአለቱ ቀዳዳ ሥር ሰዶ እርጥበት ይቋጥራል፣ የሚያመነጨው አሲድም ድንጋዩን ያላላዋል። ይፋቅ ከተባለ፣ አብሮት የሚረግፈው የጥንቱ ጠራቢ የመሮ አሻራ ነው።

11ዱ አብያተ ክርስቲያናት የተፈለፈሉበት ቀይ የእሳተ ገሞራ አለት ለመሮ እንደተመቸ ሁሉ ለውኃም ይመቻል። የመጀመሪያዎቹ ጠራቢዎች ይህን ስለሚያውቁ ውኃው የሚወርድባቸውን ቦዮች አብረው ቀርጸዋል። ቦዩ ሲደፈን፣ ጣሪያው ሲሰነጠቅ ግን ክረምቱ ወደ ውስጥ ይገባል። በቤተ መድኃኔ ዓለም ዙሪያ ከቆሙት የውጭ ምሰሶዎች ብዙዎቹ ፈርሰው በድንጋይ ግንብ የተተኩ ናቸው። ቀረብ ብሎ ላየ መጋጠሚያው ይታያል፤ መታየቱም መልካም ነው፣ አዲሱ ራሱን አሮጌ አስመስሎ አላቀረበም።

እ.ኤ.አ. በ1954 የተደረገው ጥገና ግን ሌላ መንገድ ሄደ። ውኃ እንዳይሰርግ ተብሎ አለቱ ሬንጅ ተቀባ፤ ጥቁረቱ እንዲሸፈን ደግሞ ላዩን ቀይ ቀለም ፈሰሰበት። ሐሳቡ ቅን ነበር። ሆኖም አለት ይተነፍሳል፤ ከሥር የገባው እርጥበት መውጫ ሲያጣ ድንጋዩን ከውስጥ ይበላዋል። ሽበቱን የተቀባ ሽማግሌ ይመስል የነበረውን ገጽ ወደ ተፈጥሮው ለመመለስ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ኢጣሊያዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጄሊኒ የመሩት ቡድን ያንን ሬንጅና ቀለም ሲያነሣ ከረመ። ከአሥር ዓመት ጥቂት ቀደም ብሎ መድኃኒት የተባለው በሽታ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

በዚያው ዐሥርት ዓመት፣ በ1964፣ የወጣው የቅርስ እድሳት መርሖች ሰነድ፣ የቬኒስ ቻርተር፣ እድሳት ግምት በሚጀምርበት ላይ እንዲቆም፣ የየዘመኑም አሻራ እንዲከበር ይጠይቃል። ታዲያ ሬንጁስ የአንድ ዘመን አሻራ አልነበረም? ነበር፤ ነገር ግን የተሸከመውን አካል የሚገድል አሻራ ሊከበር አይችልም። የጎንደርም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። ጣሊያን በወረራው ዘመን የፋሲል ግቢን ግንቦች በሲሚንቶና በብረት ጠገነ፤ ኋላ የመጡ ባለሙያዎች ያንን አንሥተው ነባሩን ኖራ መለሱ።

ላሊበላ ላይ ከሁሉ የከበደው ክርክር የተነሣው ግን እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ አራት ግዙፍ መጠለያዎች ቆመው አምስት አብያተ ክርስቲያናትን አለበሱ። ለጊዜው ተብለው ነበር የተተከሉት። ዝናቡን መከልከላቸው አይካድም፤ አለቱ ላይ ምንም አልተቀባም፣ ምንም አልተፋቀም፣ ሲፈለግም ይነሣሉ። በመርሕ ደረጃ ከሬንጁ እጅግ የተሻለ ነው። ይሁን እንጂ ካህናቱ በልደት ዕለት በቤተ ማርያም ዙሪያ ቆመው «ቤዛ ኩሉ» እየዘመሩ ሲያሸበሽቡ በላያቸው የተዘረጋው ሰማይ ሳይሆን ጣሪያ ነው። «ለጊዜው» የተባለው ዐሥር ዓመት ሲሞላው፣ የብረቱ ክብደት አለቱን እንዳይጎዳ የሰጋው የከተማው ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ2018 አደባባይ ወጣ። ስጋቱ የተገባ ነበር፤ ለቅርሱ ከማንም በላይ የሚቀርበው በውስጡ የሚጸልየው ነውና፣ መጠለያው ሲታቀድ ሊጠየቅ ይገባው ነበር።

በዚያው በላሊበላ፣ በቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል የተሞከረው መንገድ ጸጥ ያለ ነው። ጣሪያ አልተተከለም። ስንጥቁ ከአለቱ ጋር በሚስማማ ቡኬት ተሞላ፣ የላላው ተያዘ፣ የአካባቢው ሰዎችም ሥራውን እየሠሩ ሠለጠኑ።