ትምህርት ቤቱ የማን ነው? የእንግሊዝ አገር የካቶሊክ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የአስተዳደር ቦርድ ታሪክ

በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ዕለት ተዕለት የሚደክመው መምህሩ ነው። ነገር ግን መምህሩን የሚቀጥረው፣ ሕንፃው ሲያረጅ የሚያሳድሰው፣ ተማሪ የሚመዘገብበትን ደንብ የሚያወጣው፣ ለሒሳቡም ተጠያቂ የሚሆነው ማን ነው? ይህ ጥያቄ በልዩ ልዩ አገሮች ልዩ ልዩ መልስ አግኝቷል። በእንግሊዝ አገር የተሰጠው መልስ፣ ከልዩ ልዩ ወገን የተውጣጡ፣ ለሥራቸው ደመወዝ የማይከፈላቸው ጥቂት ሰዎች ኃላፊነቱን በአንድነት ይሸከሙ የሚል ነው። እንግሊዞች እነዚህን ሰዎች «ገቨርነር» ይሏቸዋል። ቃሉ በእኛ ዘንድ አገረ ገዥን የሚያስታውስ ቢሆንም፣ ስለ ትምህርት ቤት ሲነገር ግን የአስተዳደር ቦርድ አባል ማለት ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በካቶሊክ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ቦርድ ላይ ነው። እነዚህን የመረጥንበት ምክንያት አለ። በእነዚህ ትምህርት ቤቶች ሕንፃው የቤተ ክርስቲያን፣ ደመወዙ የመንግሥት፣ ልጁ የወላጅ፣ ማስተማሩ ደግሞ የመምህሩ ነው። እንግዲህ አራቱም ወገኖች «ይመለከተኛል» የማለት መብት አላቸው ማለት ነው። ሆኖም አራቱ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ በሕግ እስኪቀመጡ ድረስ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ትምህርት ቤት ይቅደም

ካቶሊኮች በእንግሊዝ አገር ለረጅም ዘመን በሕግ ተጨቁነው የኖሩ አናሳ ወገን ነበሩ። በፓርላማ የመቀመጥ መብት ያገኙት በ1829 ነው። ከ1845 ጀምሮ በአየርላንድ በደረሰው የድንች በሽታና ረኃብ ምክንያት እጅግ ብዙ ድኾች ባሕር ተሻግረው ወደ ሊቨርፑል፣ ወደ ማንችስተርና ወደ ለንደን ፈለሱ። አብዛኞቹ ካቶሊኮች ስለ ነበሩ፣ ልጆቻቸውን ማን ያስተምር የሚለው ጥያቄ ለቤተ ክርስቲያኒቱ ከባድ ሸክም ሆነ።

መንግሥት ለትምህርት ቤት ማሠሪያ ገንዘብ መስጠት የጀመረው በ1833 ሲሆን፣ መጠኑም 20,000 ፓውንድ ነበረ። ካቶሊኮች ከዚህ ርዳታ መካፈል የቻሉት በ1847 ነው። በዚያው ዓመት ጳጳሳቱ ከመንግሥት ጋር የሚነጋገር የካቶሊክ ድኾች ትምህርት ቤት ኮሚቴ አቋቋሙ። በ1852 የተሰበሰበው የመጀመሪያው የዌስትሚንስተር ሲኖዶስ ደግሞ፣ አዲስ ቁምስና በሚቋቋምበት ስፍራ ከቤተ ክርስቲያን ይልቅ ትምህርት ቤት እንዲቀድም፣ ቤተ ክርስቲያኑ እስኪሠራም የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ለጸሎት እንዲያገለግል ወሰነ። ይህም ውሳኔ በድኻ ሠፈሮች ለተሠሩት ብዙ ትምህርት ቤቶች መሠረት ሆነ።

በዚያን ዘመን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኃላፊዎች «ማኔጀር» ይባሉ ነበር። በብዙ ስፍራ የሥራው ዋና ተሸካሚ የቁምስናው ካህን ነበረ። ከምእመናን ገንዘብ የሚሰበስበው፣ መምህር የሚፈልገው፣ ከመንግሥት ተቆጣጣሪ ጋር የሚጻጻፈውም እርሱ ነው። በ1862 «በውጤት መክፈል» የሚባለው ደንብ ሲወጣ የማኔጀሮቹ ሥልጣን በመምህሩ ላይ ጠነከረ። በደንቡ መሠረት የመንግሥት ርዳታ በሙሉ ለማኔጀሮቹ ይሰጣል። መጠኑም በልጁ መገኘትና በፈተና ውጤቱ ይወሰናል። አንድ ልጅ በንባብ፣ በጽሕፈት ወይም በሒሳብ በወደቀ ቁጥር ለእያንዳንዱ ትምህርት 2 ሽልንግ ከ8 ፔኒ ይቀነሳል። ስለዚህ መምህሩ የሚደርሰውን ክፍያ ለማወቅ የተቆጣጣሪውን ጉብኝት እየፈራ ይጠብቅ ነበር። ደንቡ ቀስ በቀስ የተሻረው በ1890ዎቹ ነው።

ሁለት ጊዜ የሚከፍሉ ወላጆች

የ1870ው የትምህርት አዋጅ ነገሩን ሁሉ ለወጠው። ትምህርት ቤት በጎደለበት ስፍራ በሕዝብ የሚመረጥ የትምህርት ጉባኤ እንዲቋቋም፣ ጉባኤውም ከአካባቢው ግብር ገንዘብ ወስዶ ትምህርት ቤት እንዲሠራ ፈቀደ። በእነዚህ አዳዲስ ትምህርት ቤቶች የአንድ ሃይማኖት ወገን ብቻ የሆነ የእምነት ትምህርት መስጠት ተከለከለ። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች ከማዕከላዊው መንግሥት የሚያገኙት ዓመታዊ ርዳታ ቢቀጥልም፣ ከአካባቢው ግብር ግን አንዳች አያገኙም። ለሕንፃ የሚሰጠውም ርዳታ ከዚያ ዓመት መጨረሻ በኋላ ለሚቀርብ ማመልከቻ ቀረ።

ውጤቱ ግልጽ ነበረ። የካቶሊክ ወላጅ ልጁ ለማይማርበት ትምህርት ቤት ግብር ይከፍላል፤ ልጁ ለሚማርበት ደግሞ መዋጮ ያዋጣል። የዌስትሚንስተሩ ሊቀ ጳጳስ፣ በኋላ ካርዲናል የሆነው ሄንሪ ኤድዋርድ ማኒንግ፣ ገንዘብ አሰባስቦ ትምህርት ቤቶችን በማብዛት ደከመ፤ ይህንንም ድርብ ሸክም እስከ ሞተበት እስከ 1892 ድረስ ሲቃወም ኖረ። ይሁን እንጂ የችግሩ ጫና በመጨረሻ የሚያርፈው በመምህሩ ላይ ነበር። ማኔጀሮቹ ገንዘብ ባነሳቸው መጠን ክፍሉ ይጨናነቃል፤ ደመወዙ ይቀንሳል።

አራት ለሁለት

መፍትሔው የመጣው በ1902 ነው። በባልፎር መንግሥት የወጣው አዋጅ ከ2,500 በላይ የነበሩትን የትምህርት ጉባኤዎች ሽሮ፣ ሥልጣኑን ለየአካባቢው ምክር ቤት አስተላለፈ። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶችም ለመጀመሪያ ጊዜ ከአካባቢው ግብር ተጠቃሚ ሆኑ፤ የመምህራን ደመወዝ በምክር ቤቱ ይከፈል ጀመር። በለውጡም ማኔጀሮቹ ሕንፃውን ያለ ኪራይ ያቀርባሉ፣ ያድሳሉም ተባለ። የማኔጀሮቹ ቁጥር ስድስት ሆኖ፣ አራቱ ከመሥራቹ ወገን፣ ሁለቱ ከሕዝብ አስተዳደር እንዲሾሙ ተወሰነ። መምህር የመምረጥ መብት የማኔጀሮቹ ሲሆን፣ ምክር ቤቱ ሹመቱን መቃወም የሚችለው በትምህርት ነክ ምክንያት ብቻ ነበር።

በዚሁ አዋጅ ውስጥ አንድ ትንሽ የሚመስል ግን ትልቅ ትርጉም ያለው አንቀጽ ገባ። አቅራቢው በነበሩት የፓርላማ አባል ስም የኬንየን ስሌኒ አንቀጽ ይባላል። የሃይማኖት ትምህርት በትምህርት ቤቱ የመሥራች ሰነድ መሠረት ቢሰጥም፣ ቁጥጥሩ የካህኑ ብቻ ሳይሆን የማኔጀሮቹ ሁሉ በአንድነት እንዲሆን ደነገገ። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ እንደሚባለው፣ ትምህርት ቤቱ ከአንድ ሰው ፈቃድ ወጥቶ በጉባኤ ውሳኔ መመራት እንዳለበት ሕግ አጸና።

አዋጁ ያለ ተቃውሞ አልተፈጸመም። ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ውጭ ያሉ ፕሮቴስታንቶች «ግብራችን ለማናምንበት ሃይማኖት ማስተማሪያ አይውልም» ብለው ተነሡ። በባፕቲስቱ ሰባኪ በጆን ክሊፎርድ መሪነት ብዙዎች ግብር አንከፍልም በማለታቸው ንብረታቸው በሐራጅ ተሸጠ፤ የታሠሩም ነበሩ። እነዚህም ሰዎች ያነሡት ጥያቄ ከንቱ አልነበረም። የሕዝብ ገንዘብ የሚወስድ ትምህርት ቤት ለሕዝብ ምን ያህል መልስ መስጠት አለበት? ይህ ጥያቄ እስከ ዛሬም አልተዘጋም።

የግማሹ ዋጋ

የ1944ቱ የትምህርት አዋጅ፣ በሚኒስትሩ በበትለር ስም የሚታወቀው፣ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶችን በምርጫ ፊት አቆማቸው። የመጀመሪያው መንገድ «ተደጋፊ» ትምህርት ቤት መሆን ነው። ይህን የመረጠ ለሕንፃው የውጭ እድሳትና ማሻሻያ ከሚወጣው ወጪ ግማሹን ራሱ ይሸፍናል፤ በምላሹ ከማኔጀሮቹ ሁለት ሦስተኛውን ይሾማል፤ መምህራንን ይቀጥራል፤ የሃይማኖት ትምህርቱንም ይመራል። ሁለተኛው መንገድ «ቁጥጥር ያለበት» ትምህርት ቤት መሆን ነው። በዚህኛው የሕንፃው ወጪ ከመሥራቹ ላይ ይወርድለታል፤ ነገር ግን የማኔጀሮቹ አብላጫ ወደ ሕዝብ አስተዳደር ያልፋል።

ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች ብዙዎቹ ሁለተኛውን ሲመርጡ፣ ካቶሊኮች ከሞላ ጎደል ሁሉም የመጀመሪያውን መረጡ። የመረጡትም ዋጋውን ሳያውቁ አልነበረም። አሮጌዎቹን ትምህርት ቤቶች በአንደኛና በሁለተኛ ደረጃ ከፍሎ እንደገና ማደራጀት ለሠራተኛ ቤተሰቦች ቁምስና የብዙ ዓመት ዕዳ ማለት ነበር። በኋላ የመንግሥት ድርሻ እያደገ ሄደ፤ በ1959 ወደ 75 በመቶ፣ በ1967 ወደ 80 በመቶ፣ በ1975 ወደ 85 በመቶ፣ በእንግሊዝ ደግሞ በ2002 ወደ 90 በመቶ ደረሰ።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ማስታወስ ይገባል። አዋጁ የአንደኛ ደረጃውን ኃላፊ «ማኔጀር»፣ የሁለተኛ ደረጃውን «ገቨርነር» ብሎ ጠራ። ልዩነቱ የስም ብቻ አልነበረም። በተደጋፊ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዓለማዊው ትምህርት ቁጥጥር ለቦርዱ ሲሰጥ፣ በአንደኛ ደረጃው ግን ለአካባቢው ባለ ሥልጣን ተሰጠ። ለታናሹ ልጅ ትምህርት ታናሽ ሥልጣን ይበቃል የተባለ ይመስላል።

መምህርና ወላጅ በጠረጴዛው

እስከ 1970ዎቹ ድረስ መምህርም ሆነ ወላጅ በቦርድ ውስጥ በሕግ የተጠበቀ ወንበር አልነበራቸውም። በዚያን ጊዜ አንዳንድ የአካባቢ ባለ ሥልጣናት ብዙ ትምህርት ቤቶችን በአንድ ቦርድ ሥር ያስተዳድሩ ነበር። በለንደን በዊልያም ቲንደል ትምህርት ቤት ከ1974 ጀምሮ በመምህራንና በማኔጀሮች መካከል ስለ ማስተማር ዘዴ የተነሣው ጠብ ሥልጣኑ የማን እንደ ሆነ በግልጽ አለመታወቁን ለሕዝብ ሁሉ አሳየ። ትምህርት ቤቱ የካቶሊክ ባይሆንም ክርክሩ ሁሉንም ነካ። በቶም ቴይለር የተመራው ኮሚቴ በ1977 ባቀረበው ዘገባ፣ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የራሱ ቦርድ እንዲኖረው፣ ወንበሮቹም ለአካባቢው ባለ ሥልጣን፣ ለሠራተኛው፣ ለወላጆችና ለአካባቢው ኅብረተሰብ እኩል እንዲከፋፈሉ ሐሳብ ሰጠ።

እኩል ይከፋፈሉ የተባለው ለካቶሊኮች የሚዋጥ አልነበረም፤ የመሥራቹን አብላጫነት ያስቀራልና። የ1980ው አዋጅ መካከለኛውን መንገድ ያዘ። «ማኔጀር» የሚለው ስም ቀርቶ የአንደኛ ደረጃውም አባል «ገቨርነር» ተባለ። በተደጋፊ ትምህርት ቤት ቦርድ ቢያንስ አንድ በወላጆች የተመረጠ ወላጅና አንድ በመምህራን የተመረጠ መምህር እንዲገቡ ታዘዘ። የመሥራቹ ወገን የነበረው የሁለት ሦስተኛ ድርሻ ቀርቶ፣ 18 ወይም ከዚያ በታች አባላት ባሉት ቦርድ ከሌሎቹ በሁለት ብቻ እንዲበልጥ ተደረገ። መምህሩ የሚቀጠርበት፣ ምናልባትም የሚሰናበትበት ጉባኤ ውስጥ ድምፅ ያገኘው በዚህ መንገድ ነው።

ዛሬ የሚሠሩት ሥራ

የ1988ቱ አዋጅ የትምህርት ቤቱን በጀት ለቦርዱ ማስተላለፍ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ የቦርዱ ሥራ ከብዷል። በ2012 በወጣው ደንብ መሠረት አንድ የተደጋፊ ትምህርት ቤት ቦርድ ሁለት ወላጆች፣ አንድ የአካባቢው ባለ ሥልጣን ተወካይ፣ አንድ ሠራተኛና ርእሰ መምህሩ ቢኖሩት፣ የመሥራቹ ወገን ሰባት ይሆናል፤ በጠቅላላው 12 ማለት ነው። ሰባቱን የሚሾመው የሀገረ ስብከቱ ጳጳስ ነው።

ቦርዱ በዓመት ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይሰበሰባል። ርእሰ መምህሩን ይመርጣል፤ የመምህራን ቀጣሪ ነው፤ በጀት ያጸድቃል፤ ከሕንፃው ዋና ወጪ 10 በመቶውን ያዋጣል። የተማሪዎች መቀበያ ደንብም ያወጣል። አመልካቾች ከቦታው ሲበልጡ ለካቶሊክ ልጆች ቅድሚያ ሊሰጥ ይችላል፤ ቦታ ከተረፈ ግን ሃይማኖቱ ልዩ ነው ብሎ ልጅ መመለስ አይችልም። በትምህርት ቤቱ የሚከፈለው ሰው ሊቀ መንበር መሆን አይፈቀድለትም። የቦርዱ ድርሻ አቅጣጫ መስጠትና መጠየቅ እንጂ፣ ክፍል ገብቶ መምህሩ እንዴት ያስተምር ማለት አይደለም። የዕለቱ ሥራ የርእሰ መምህሩ ነው።

ከ2010 ወዲህ ግን ነገሩ እንደገና መልኩን እየለወጠ ነው። በዚያ ዓመት በወጣው የአካዳሚ አዋጅ መሠረት ብዙ የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች በቡድን ሆነው በአንድ ድርጅት ሥር ተጠቃለዋል። በዚህ አሠራር ቀጣሪው የድርጅቱ ዳይሬክተሮች ቦርድ ሲሆን፣ የየትምህርት ቤቱ ኮሚቴ የሚሠራው ከላይ በተሰጠው ሥልጣን ልክ ነው።

ከታሪኩ የምንማረው

ከዚህ ታሪክ ለእኛ ለመምህራን ሦስት ነገር ይገኛል። አንደኛ፣ በትምህርት ቤት ላይ ያለ ሥልጣን ከኃላፊነት ተለይቶ አይገኝም። የካቶሊክ ምእመናን መምህራኖቻቸውን የመምረጥ መብት ይዘው የኖሩት የሕንፃውን ዋጋ ስለ ተሸከሙ ነው። ሁለተኛ፣ ገንዘብ ብቻውን ግን ባለቤት አያደርግም። መንግሥት ከግማሽ ወደ 90 በመቶ ከፍ ሲል ትምህርት ቤቱን ጠቅልሎ አልወሰደም፤ መሥራቹም አብላጫነቱን ጠብቆ ለወላጅና ለመምህር ቦታ ለቋል። ሦስተኛ፣ መምህሩ በመጨረሻ የተጋበዘ እንግዳ ነበር። ከ1847 እስከ 1980 ድረስ ስለ እርሱ ደመወዝ፣ ሃይማኖትና ችሎታ ሲወሰን፣ በሕግ የተረጋገጠ ወንበር አልነበረውም።

በየትኛውም አገር የትምህርት ቤት ኮሚቴ ወይም ቦርድ ሲቋቋም፣ ስንት አባላት ይኑሩት ከማለት በፊት ማን ምን ተሸክሞ ይቀመጣል ብሎ መጠየቅ ይገባል። መምህር ሆኖ በዚህ ዓይነት ጉባኤ የተመረጠ ሰውም ወንበሩ ለክብር የተሰጠ አለመሆኑን ያስተውል። ከእርሱ በፊት የነበሩ ብዙ መምህራን ሳያገኙት ያለፉት ወንበር ነውና፣ ሰነዱን አንብቦ፣ ሒሳቡን መርምሮ፣ ስለ ልጆቹ ሊናገር ይገባዋል።