ቃላችንን የመዘገቡ ስደተኞች

ወገኖቼ፣ መዝገበ ቃላት ሲባል መነጽር ያደረገ ምሁር ነው የሚታየን። የኦሮምኛው ታሪክ ግን ከተሰደደ ሰው ይጀምራል።

እ.ኤ.አ. በ1844 ሙኒክ የታተመው የካርል ቱቼክ መዝገበ ቃላት ቃሉን የቀዳው በባርነት ተሸጠው ጀርመን ከደረሱ የኦሮሞ ወጣቶች አፍ ነው። መጽሐፉ የሚጠራው ግን በፈረንጁ ስም ነው።

አስቴር ጋኖን ደግሞ አስቡ። በ1886 ወደ የመን ለባርነት ስትጋዝ የጣሊያን መርከብ አስጣላት፤ ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ፣ የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባች። እንደ እሷ ከባርነት ከወጣው ከኦኔሲሞስ ነሲብ ጋር የኦሮምኛ ቃላት ሰበሰበች፤ በ1893 ለታተመው የአዲስ ኪዳን ትርጉም መርጃ ሆነ። 500 ያህል ተረት፣ እንቆቅልሽ፣ ምሳሌና ዘፈንም ጻፈች። ብዙው በ1894 ለጀማሪ አንባቢዎች በወጣው መጽሐፍ ገባ። ልብ በሉ፣ የምትጠይቃት እናት አጠገቧ የለችም!

እኛ ስልክ አለን። ከ2002 ጀምሮ ዊክሽነሪ የሚባል፣ ማንም ገብቶ ቃል የሚጨምርበት የኢንተርኔት መዝገበ ቃላት አለ። ደጅ መጥናት የለም። ልጆቻችን በስዋሂሊ ይጫወታሉ፣ እሰየው። ግን ኑዌርኛ ለከብት መልክ ብቻ ስንት ቃል እንዳለው አያታቸውን ካልጠየቁ ከየት ይሰማሉ? አኙዋክኛም፣ ኩናማኛም እንደዚሁ።

ከታተመ መጽሐፍ አትገልብጡ፣ የባለቤት መብት አለበት። ከእማማ አፍ ቅዱ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ ድምፃቸውንም ጨምሩ። የሰፈሩንም ስም ጻፉ፤ ጋምቤላ የሚባለውና ናሲር የሚባለው ሊለያይ ይችላል። ለዚህ ሳምንት አምስት አምስት ቃል ይበቃናል።