የመካነ ሥላሴው መምህርና የኤርፉርቱ ተማሪ

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» ይላሉ አባቶቻችን። እሳት ሲነሣ ወይም ሰው ሲታመም ቶሎ የሚደርሰው የቅርቡ ነውና ተረቱ እውነት ነው። ነገር ግን በደጅ ቅርበት የማይመዘን ወዳጅነትም አለ። ሁለት ሰዎች አንድ ሙያ ከልብ ሲወዱ፣ ባሕርና ተራራ ቢለያቸው እንኳ አንዱ ለሌላው ጎረቤት ይሆናል። ለዚህ ነገር ምስክር የሚሆኑኝን የሁለት ሰዎች ታሪክ እነግራችኋለሁ፤ ከሁለቱ አንደኛው የእኛው አገር ሰው ናቸው። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍሁት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ዛሬ ደቡብ ወሎ የምንለው ደጋ በቀድሞ ዘመን አማራ ይባል የነበረው አገር ክፍል ነው። በዚያም አገር መካነ ሥላሴ የሚባል ዝነኛ ቤተ ክርስቲያን ነበረ። ዐፄ ናዖድ አስጀመሩት፤ ልጃቸው ዐፄ ልብነ ድንግል ፈጸሙት፤ በ1531 በግራኝ አሕመድ ጦርነት ጊዜ ተቃጠለ። የዛሬዋ የቦረና ከተማ መካነ ሰላም በስም ትቀርበዋለች እንጂ ቦታው ሌላ ነው። ሕንፃው ቢጠፋም ስሙ አልጠፋም፤ አባ ጎርጎርዮስ በዓለም የታወቁት የመካነ ሥላሴ ሰው ተብለው ነው።

አባ ጎርጎርዮስ ግዕዝን ጠንቅቀው የተማሩ ሊቅ ነበሩ። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ከካቶሊካውያን ወገን ቆሙ። በ1632 ዐፄ ፋሲለደስ ነግሠው የቀድሞው ሃይማኖት ሲመለስና የኢየሱሳውያን ማኅበር መነኮሳት ሲባረሩ፣ እርሳቸውም የስደት ዕጣ ደረሳቸው። በመጨረሻም ሮማ ገብተው፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተኋላ ባለው በኢትዮጵያውያን ቤት፣ በቅዱስ እስጢፋኖስ ተቀመጡ።

ሁለተኛው ሰው በ1624 በጀርመን አገር በኤርፉርት ከተማ የተወለደው ኢዮብ ሉዶልፍ ነው። ይህ ሰው ገና በወጣትነቱ፣ መምህር ሳይኖረው፣ በእጁ ከገቡት ጥቂት የታተሙ መጻሕፍት ግዕዝን ይማር ጀመር። በ1649 ለስዊድን መልእክተኛ ጉዳይ ወደ ሮማ በተላከ ጊዜ ኢትዮጵያውያኑን ፈልጎ አገኛቸው። መጽሐፍ ሰጥተው ቢያስነብቡት በአነጋገሩ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው፤ ያነበበውን ሲተረጕም ግን ሳቁ ወደ አድናቆት ተለወጠ። ወጣት አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ጥቂት ቆም በል! ሉዶልፍ ስለ ሳቁበት አፍሮ አልተመለሰም፤ እነርሱም ስቀው አልተዉትም።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሥራ ጀመሩ። አስቀድሞ አስተርጓሚ ያስፈልጋቸው ነበር፤ እየዋለ እያደረ ግን ግዕዝ መነጋገሪያቸው ሆነ። ግዕዝ ለሁለቱም የእናት ቋንቋ አልነበረም፤ አንዱ ከአገሩ ትምህርት፣ ሌላው ከመጽሐፍ ያገኙት ገንዘብ ነው። የመዝገበ ቃላት ሙያ ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ለማወቅ አንድ ቃል ብቻ እንውሰድ። «ቀደሰ» ከሚለው ግሥ ቅዱስ፣ ቅዳሴ፣ ቅድስና፣ መቅደስ ይወጣሉ። እያንዳንዱ በምን መንገድ እንደ ወጣ፣ የት የት እንደሚነገር፣ በላቲን ምን ተብሎ እንደሚፈታ መጠየቅና መመለስ ያስፈልጋል። ይህንንም በሺሕ ለሚቆጠሩ ቃላት ማድረግ ነው። ተማሪው ለመጠየቅ አልሰለቸም፤ መምህሩም ለመመለስ አልሰለቹም።

በ1652 የጎታው መስፍን ኤርነስት አባ ጎርጎርዮስን ወደ ግዛቱ ጋበዛቸው። አባም የአልፕስን ተራራ ተሻግረው ወደ ጀርመን ሄዱ፤ ስለ ኢትዮጵያ መንግሥት፣ ስለ ቤተ ክርስቲያንና ስለ ሕዝቡ ኑሮ ለሚጠይቋቸው ሁሉ መለሱ። አባ ካቶሊካዊ፣ ሉዶልፍና መስፍኑ ሉተራውያን ነበሩ። በዚያ ዘመን አውሮፓ በሃይማኖት ጠብ ምክንያት ከተነሣው የሠላሳ ዓመት ጦርነት ከወጣች ገና አራት ዓመቷ ነበር። ይህም ሁሉ ሆኖ ወዳጅነታቸው አልተናወጠም።

ከዚህ በኋላ ተለያዩ፤ የቀራቸውም ደብዳቤ ብቻ ነበር። በግዕዝ ይጻጻፉ ነበር። የቃል ጥያቄ በደብዳቤ ይሄዳል፤ መልሱም በደብዳቤ ይመጣል። በ1658 አባ ጎርጎርዮስ ወደ አገራቸው ለመመለስ ሲጓዙ መርከባቸው በሶርያ ዳርቻ፣ በእስክንድሩና አጠገብ ተሰብራ ሰጠሙ። ዓባይን ማዶ ለማየት እንደ ናፈቁ ባሕር መቃብራቸው ሆነ።

በዚያን ጊዜ ከድካማቸው አንድ ገጽ እንኳ አልታተመም ነበር። የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በለንደን የወጣው በ1661፣ እርሳቸው ካረፉ ከ3 ዓመት በኋላ ነው። የኢትዮጵያ ታሪክ የሚለው ትልቁ መጽሐፍ በ1681 ታተመ። የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ደግሞ በፍራንክፈርት በ1698 ወጣ፤ መምህሩ ከሞቱ 40 ዓመት ሆኗቸው ነበር። ሉዶልፍ ግን የጀመሩትን ሥራ በ1704 እስኪሞት ድረስ አልተወውም።

እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ አንድ ነገር ነው። ሉዶልፍ ዝም ብሎ ሁሉንም የራሱ ዕውቀት ቢያስመስል በዚያ ዘመን «ሐሰት ነው» ብሎ የሚከራከረው ማን ነበር? መምህሩ ሞተዋል፤ አገራቸውም ሩቅ ነው። እርሱ ግን የመምህሩን ስምና የትውልድ ቦታ ጻፈ፤ በ1691 ባሳተመው የታሪኩ ማብራሪያም መልካቸውን አስቀርጾ አወጣ። ስንት መምህራን፣ ስንት ሠዓሊዎችና ጸሐፊዎች ሌላው በእነርሱ ድካም ሲመሰገን ስማቸው ጠፍቶ ቀርቷል! አባ ጎርጎርዮስ ግን መቃብር ሳይኖራቸው ስም አላቸው፤ ይህም የሆነው አንድ የሩቅ ወዳጅ ዕዳውን ስላልካደ ነው።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፣ የምታውቁትን ለጠየቃችሁ አትንፈጉ፤ ዕውቀት እንደ መብራት ነውና ሌላውን ቢያበራ ከራሱ አይጐድልም። ፍሬውን ሳታዩት ትቀሩ ይሆናል፤ ቢሆንም ዝሩ። ሥራችሁ ፈጽሞ ሰው ባመሰገናችሁ ቀን ደግሞ ያስተማራችሁን ሰው ስም አስቀድማችሁ ጥሩ።